ሦስት ጣት ለቀጣዩ

ሃያ ሁለት ዓመት ካውያ ስይዝ ያቃጠልኩት አንድ ሸሚዝ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለጉራ ነው። የሚኮራበት ነገር እያለው ዝም የሚል ሰው ትሑት ሳይሆን ንፉግ ይመስለኛል፤ እኔ ደግሞ በብዙ ነገር እታማለሁ እንጂ በንፉግነት አልታማም። በዚያች በአንዷ ሸሚዝም ቢሆን እኮራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይሰፋል፤ እኔ እዘመዝማለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እተኩሳለሁ። ሱቁ ከፊት፣ ቤቱ ከኋላ ሆኖ የሚለያቸው አንድ መጋረጃ ብቻ ስለሆነ፣ ደንበኞቻችን በምን እንደምንጣላ ከእኛ እኩል ያውቃሉ። የምንጣላው በትርፍ ጨርቅ ነው።

ሌላ ልብስ ሰፊ ሁለት ጨርቅ ሲያጋጥም ከስፌቱ ውስጥ አንድ ጣት ይተዋል። ባሌ ሦስት ጣት ይተዋል። በግራና በቀኝ ጎን ሦስት ጣት፣ በእጅጌው ጫፍ ሦስት ጣት፣ ከታች እጥፋቱ ላይ አራት። ገበሩ ስለሚሸፍነው ለባሹ እንኳን አያየውም። ያም ሳይበቃው፣ ልብሱ የጠበበ ዕለት እስከ የት ድረስ ሊፈታ እንደሚችል የሚያሳይ ነጭ ክር በውስጥ በኩል ያስኬድበታል። ማን እንዲያየው? የዛሬ አምስት ዓመት፣ በማናውቀው ሰፈር፣ ያንን ልብስ ለማናውቀው ልጅ የሚያስተካክል የማናውቀው ልብስ ሰፊ።

«ይሄ ሁሉ ጨርቅ ለማነው?» እለዋለሁ።

«ለቀጣዩ።»

«ቀጣዩ ማነው?»

«እኔ እንጃ። ባውቀውማ ለዘመዱ ሰጠ እባል ነበር።»

ነገሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ባሌ ያደገው ቤተ ክርስቲያን በምታስተዳድረው የልጆች ማሳደጊያ ነው። በስምንት ዓመቱ፣ ከማን እንደተላከ ከማይታወቅ የልብስ ክምር አንድ ግራጫ ካፖርት ደረሰው። በዓመቱ እጅጌው ክርኑ ላይ ወጣ። ሞግዚቷ ካፖርቱን ወስዳ ለትንሽ ልጅ ልትሰጠው ገልብጣ ስታየው ውስጡ ትርፍ ጨርቅ አገኘች። በምላጭ ፈታችው፣ መልሳ ሰፋችው፣ ሦስት ዓመት ለበሰው።

«እናትና አባት ያለው ልጅ እንደሚያድግ የሚያስብለት ሰው አለው» ይላል ባሌ። «እኔ ግን እንደማድግ ያሰበልኝ አንድ ልብስ ሰፊ ነው። ስሙን አላውቀውም። ስጸልይ ‘ያ ሰውዬ’ ነው የምለው፤ እግዚአብሔር ይገባዋል።»

እዚህ ላይ ሲደርስ ድምፁ ስለሚሰበር አፌን እይዛለሁ። ሲጨርስ ካቆምኩበት እቀጥላለሁ።

ልጆቻችንን ያሳደግነው በዚሁ ቃል ነው። ውሃ የጠጣ ጆጉን ለቀጣዩ ይሞላል። ፊቱን ያበሰ ፎጣውን ለቀጣዩ ዘርግቶ ይሰቅላል። የመጨረሻዋን ቁራሽ ዳቦ የሚያነሳ፣ ገና ያልበላ ሰው እንዳለ ጠይቆ ያነሳል። ሕጉን ያወጣው እሱ ነው፤ ያስከበርኩት ግን እኔ ነኝ። ሕግ ማውጣትማ ማንም ያወጣል። ቅጣቱ ዱላ አልነበረም። የዘነጋ ልጅ እራት ላይ በእሱ ምክንያት የተጎዳውን ሰው አስቦ በጸሎት ማንሳት ነበረበት። ወንዱ ልጃችን የስድስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ «ጌታ ሆይ፣ ፎጣውን ወለል ላይ ስለጣልኩት ፊቷን በመጋረጃ የጠረገችውን እህቴን ባርክ፤ መጋረጃውንም ባርክ» ብሎ ጸልዮ፣ አባቱ ሳቁን በአሜን ሸፍኖታል።

ይህን ልጅ ወሬኛው እንለዋለን። አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ሆዱ ውስጥ ምሥጢር አያድርም። ታላቋ ጭምቷ ናት። ከእሷ ቃል ማውጣት ከድንጋይ ውሃ እንደማውጣት ነው፤ እጇ ግን ይናገራል። በአሥር ዓመቷ የወንድሟን ሱሪ ጠግና፣ ጥገናው ከሱሪው በልጦ ተገኝቷል።

ጭምቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት የከተማው የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ለመግባት ተመዘገበች። አባቷ መስፋት እንጂ ንድፍ ማውጣት አልተማረም፤ ሌላ ሰው ያወጣውን ተከትሎ ይቆርጣል። እሷ ደግሞ ከልጅነቷ ጀምሮ በአሮጌ ጋዜጣ ላይ የራሷን ልብስ ስትነድፍ ነው ያደገችው። ወረቀቱ ላይ ያማረው ጨርቅ ላይ ሲመጣ ይጣመምባታል፤ ለምን እንደሚጣመም የሚያስተምራት ሰው ያለው እዚያ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። በዓመት አንድ ጊዜ ይፈትናሉ፣ ስድስት ሰው ይወስዳሉ፣ ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በላይ የሆነውን አይቀበሉም። ስለዚህ ዕድሏ ሁለት ነበር፤ ሁለት ብቻ።

የፈተናው ዕለት ለሃያ ልጆች እኩል እኩል ጨርቅ ይሰጣቸዋል፤ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚሆን ካፖርት ሰፍተው በዚያው ቀን ያስረክባሉ። የስፌት ነጥብ አለ፣ የሰዓት ነጥብ አለ፣ ደግሞ የቁጠባ ነጥብ አለ። የተረፈውን ጨርቅ ይመዝኑታል፤ ብዙ ያተረፈ ብዙ ያገኛል። ይህን ወረቀቱ ላይ ሳነብ የአባቷ ሦስት ጣት ትዝ አለኝ።

«ልጄ፣ ዛሬን ብቻ አንድ ጣት» ብዬ በሩ ላይ ለመንኳት።

ግንባሬን ስማኝ ሄደች። እሺ ማለቷ ነው ብዬ ወደ ካውያዬ ተመለስኩ።

ውጤቱ ሲለጠፍ ሰባተኛ ሆናለች። በሁለት ነጥብ።

ከጨርቋ የተረፈው አንድ እፍኝ ነበር፤ መሐረብ እንኳን አይወጣውም። ሰዓቱም አምልጧት፣ የመጨረሻውን እጅጌ ስትዘመዝም ደወሉ ተደወለባት። ወረቀቱን አንብቤ እሳት ጎርሼ እሳት ለብሼ ሱቅ ገባሁ።

«ደስ ይበልህ!» አልኩት ባሌን። «ልጅህን መሸነፍ አስተማርካት! ሦስት ጣት፣ ሦስት ጣት ስትል ኖረህ ይኸው በሩን ዘጋህባት!»

ልኩን ሊያስለካ የመጣ ደንበኛ ነበር፤ ሳይለካ ወጣ። ባሌ መቀሱን አስቀመጠና ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል የበለጠ ደሜ ይፈላል፤ ለጠብ እኮ ሁለት ሰው ያስፈልጋል።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እራት ላይ ግን የወሬኛው አፍ አመለጠው። «መርፌዋን ባትሰጥ ኖሮ ሰዓቱም አያመልጣትም ነበር» አለና ወዲያው አፉን በሁለት እጁ ከደነ።

«የምን መርፌ?»

ወሬኛው እህቱን አየ። እህቱ ሳህኗን አየች። «ላትናገር ምለህልኝ ነበር» አለችው።

«ለሰው አልናገርም ነው ያልኩት። እማዬ ሰው ናት እንዴ?»

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል፤ ጎረጎርኩ። ቃል በቃል እየጎተትኩ አወጣሁት። የቁልፍ ቀዳዳ የሚያወጣው ማሽን አንድ ብቻ ነው። ከመጋረጃ ጀርባ በጥግ ተቀምጧል፤ ተፈታኞች በየተራ ቁጥራቸው ይገለገሉበታል። ለእያንዳንዱ ተፈታኝ ሁለት ሁለት መርፌ ይታደላል፤ ከዚያ በላይ አይሰጥም። የእኔ ልጅ አሥራ አንድ ቁጥር ነበረች። ጨርሳ ስትነሳ አሥራ ሁለት ቁጥር መጣች። ከሩቅ የመጣች፣ እጇ የሚንቀጠቀጥ ልጅ ናት። መርፌዎቿን ከወረቀቱ ስታወጣ ሁለቱም አምልጠዋት በወለሉ ሳንቃ ስንጥቅ ገቡ።

ልጄ ምን አደረገች? የሠራችበትን መርፌ ነቀለች። ያልተነካውን ሁለተኛ መርፌዋን ገጠመች። ብናኙን በብሩሽ ጠረገች፣ የታችኛውን ክር ሞላች፣ «ለቀጣዩ ነው» ብላት ወደ ቦታዋ ተመለሰች። ሰባት ደቂቃ።

«የሠራሽበትን ትተሽላት ብትሄጂ ምን ነበረበት?» አልኳት።

«ወፍራሙ ጨርቅ አደንዝዞት ነበር። ክር ይበጥሳል።»

«ለመሆኑ ያቺ ልጅ ስንተኛ ወጣች?»

ጭምቷ ዳቦዋን ቆረሰች። ወሬኛው እያለ ግን ማን ይቸገራል! «ስድስተኛ» አለ።

የፈተናውን ደንብ በቃሌ አውቀው ነበር፤ ተፈታኝ ከተፈታኝ ዕቃ ቢቀበል ተቀባዩ ይሰረዛል። እኔ ሄጄ አንድ ነገር ብቻ ብናገር ስድስተኛዋ ትወጣለች፣ ሰባተኛዋ ትገባለች። ደግሞም ውሸት አይደለም። እውነት ተናግሮ ማን ተኮነነ እያልኩ ለራሴ ሰበክሁ።

«ነገ እሄዳለሁ» አልኩ።

«እማዬ፣ አፈር ስሆን እንዳትናገሪ» አለችኝ ጭምቷ። «የሰጠሁትን መልሼ መቀማት ነው የሚሆንብኝ።» በዚያ ዓመት ከአፏ ከሰማሁት ሁሉ ረጅሙ ይህ ነበር።

«አንቺ አትቀሚም። የምቀማው እኔ ነኝ» አልኳት።

ወደ ባሌ ዞርኩ። ይከለክለኛል ብዬ ለጠብ ተዘጋጅቻለሁ። እሱ ግን፣ «አልከለክልሽም፤ እናቷ ነሽ» አለኝ። «ስትሄጂ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ካፖርቷን እይልኝ። አልቆ አላየሁትም።»

በል እንግዲህ! ልጁ በር ተዘግቶባት እሱ ስለ ካፖርት ይጨነቃል። ያን ዕለት ጀርባዬን ሰጥቼው ተኛሁ።

በማግስቱ በጠዋት ሄድኩ። የትምህርት ቤቱ መጠበቂያ ክፍል አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና አንድ የግድግዳ ሰዓት አለው። በጥጉ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ አንድ ጆግና አንድ ኩባያ ተቀምጠዋል። ዋና ፈታኟ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጠብቂ አሉኝ። ተቀምጬ የምናገረውን ደጋገምኩ። «አሥራ ሁለት ቁጥር ከልጄ መርፌ ተቀብላለች።» በደጋገምኩት ቁጥር ጉሮሮዬ ደረቀ። ተነስቼ አንድ ኩባያ ጠጣሁ፣ ደገምኩ። ጆጉ አለቀ።

ከዚያ ያደረግኩትን አስቤ አይደለም ያደረግኩት። ጆጉን ይዤ ወጣሁ፣ ግቢው ውስጥ ቧንቧ ፈልጌ አለቀለቅኩት፣ ሞላሁት፣ ኩባያውንም አጠብኩ። ተመልሼ ስገባ አንዲት ቀጭን ልጅ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማ ጆጉ የነበረበትን ባዶ ቦታ ታያለች። ቦርሳዋና ጫማዋ አቧራ ለብሰዋል፤ አሁን ከአውቶቡስ እንደወረደች ያስታውቃል። ቀዳሁላት። በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችው።

«እግዜር ይስጥልኝ እማማ። ከተነሳሁ ጀምሮ ውሃ በአፌ አልዞረም» አለችኝ።

«ድገሚ ልጄ፣ ጠጪ።»

ደገመች። በዚህ መሐል በሩ ተከፈተና ዋና ፈታኟ ብቅ አሉ፤ ጸጉራቸው የሸበተ፣ ሜትር አንገታቸው ላይ የተንጠለጠለ ሴት ናቸው። «አሥራ ሁለት ቁጥር መጥታለች?» አሉ።

«አቤት፣ እኔ ነኝ!» አለች ውሃ ያጠጣኋት ልጅ።

አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። ልጅቷ የመመዝገቢያ ወረቀቷን በሁለት እጇ ሰጠቻቸው። መቀስና ሜትሯን ከዕቃ ግምጃ ቤት እንድትወስድ አዘዟት። እየሮጠች ስትሄድ መለስ ብላ እጅ ነሳችኝ። እኔም እጅ ነሳኋት፤ ሌላ ምን ላድርግ?

ዋና ፈታኟ ሊገቡ ሲሉ ዓይናቸው ጆጉ ላይ አረፈ። «ይሄን ማን ሞላው?»

ያጠፋሁ መሰለኝ። «እኔ ነኝ። ጠጥቼ ስለጨረስኩት ነው። ቧንቧው አይነካም እንዴ?»

«ይነካል እንጂ። ግን እዚህ አሥራ አምስት ዓመት ስሠራ፣ ከጽዳት ሠራተኛችን በቀር ይሄን ጆግ የሚሞላ ሰው አይቼ አላውቅም። አንድ ቀን ብቻ አየሁ፤ የፈተናው ዕለት። አንዲት ልጅ የመጨረሻውን ውሃ ጠጥታ፣ ፈተናው ሊጀመር አምስት ደቂቃ ሲቀረው ጆጉን ይዛ ወደ ግቢ ሮጠች።» መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «የአሥራ አንድ ቁጥር እናት ነዎት።»

አልጠየቁኝም፤ ነገሩኝ። ዘር ከልጓም ይስባል ይባል የለ? ሃያ ዓመት ሙሉ ይህ ሁሉ የባሌ ጅልነት ነው፣ ልጆቹን የሚያሞኛቸው እሱ ነው ስል ኖሬ፣ የገዛ እጄ በሰው ፊት አጋለጠኝ። በዚያች ደቂቃ ማፈር ነበረብኝ። አላፈርኩም። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ቢሯቸው ገብተን ተቀመጥን። «ምን ልርዳዎት?» አሉኝ።

ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ገና መቀሷን ተቀብላ ከግምጃ ቤቱ አልወጣችም። ዋጥኩት። ሲወርድ እየጎረበጠኝ ነው የወረደው።

«የልጄን ካፖርት ለማየት ነው የመጣሁት» አልኩ። ያም ቢሆን እውነት ነው፤ ባሌ ልኮኛል።

ከመስቀያው አውርደው ሰጡኝ። ገለበጥኩት። ጎኑ ሦስት ጣት፣ እጅጌው ሦስት ጣት፣ እጥፋቱ አራት። ነጩም ክር በቦታው አለ። መጨረሻ ላይ ያለው ቋጠሮ ግን የአባቷ አይደለም። ባሌ አንዴ ጠቅልሎ ይቋጥራል። እኔ ሁለቴ ጠቅልዬ ጫፉን ወደ ውስጥ እደብቀዋለሁ፤ ለሚለብሰው ሰው ቆዳ እንዳይቆረቁር ነው፤ ይህንንም ከእናቴ ነው የተማርኩት። በአባቷ ክር ጫፍ የእኔ ቋጠሮ ተቀምጧል።

«ከሃያው ካፖርት ውስጡን ገልብጬ ላሳየው የምወደው ይሄንኑ ነው» አሉ ዋና ፈታኟ። «ግን ደንብ ደንብ ነው። ተማሪዎቻችንን የሚቀጥሩ ፋብሪካዎች የሚፈልጉት ቁጠባ ነው። እንዲያው ለምንድነው ይሄን ያህል የተወችው?»

ስለ ግራጫው ካፖርትና ስለ ‘ያ ሰውዬ’ ነገርኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሜትራቸው ጫፍ ጠረጉት፤ በሜትር መነጽር እንደማይጠረግ እሳቸውም ሳያውቁት ቀርተው አይደለም። «በሚመጣው ዓመት ትምጣ» አሉኝ። ነጥብ አልጨመሩም፤ እኔም አልለመንኩም።

ልወጣ ስነሳ ግን መልሰው ጠሩኝ። «አንድ ያልገባኝ ነገር አለ። ልጅዎ ከሁለቱ መርፌ አንድ ብቻ ነው የመለሰችው። ስጠይቃት ዝም አለች። ሰበረችው እንዴ?»

አያችሁ፣ ዋጥኩት ስል ተመልሶ መጣ! እኔ ሳልጀምረው፣ ተጠይቄ፣ እውነቱን ብመልስ ማን ይፈርድብኛል? እጀታውን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከውጭ የአሥራ ሁለት ቁጥር ሳቅ ይሰማል፤ ከጽዳት ሠራተኛዋ ጋር ስለ መቀሷ ታወራለች።

«አልሰበረችውም» አልኩ። «ጥሩ ቦታ ነው ያለው። የቀረውን እሷ ካልነገረችዎት እኔም አልነግርዎትም።»

ካፖርቱን አንስተው ወደ መስቀያው መለሱት። የገባቸው ይመስለኛል። ሌላ ጥያቄ አልጠየቁኝም።

ሱቅ ስደርስ ባሌ እንደ ተፈታኝ ቆሞ ነበር የጠበቀኝ። «አየሽው?»

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

«የግራ ኪሱ በአንድ ክር ወደ ላይ ወጣ ብሏል» አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

ያን ዕለት እራት ላይ ባሌ ጸሎት ሊጀምር እጁን ሲዘረጋ አስቆምኩት። በቤታችን ሕግ ቀጣዩን የበደለ ሰው በጸሎት ያነሳዋል፤ ሕጉ ደግሞ ለልጆች ብቻ ነው የሚል የለበትም። «ጌታ ሆይ፣ አሥራ ሁለት ቁጥርን ባርክ» አልኩ። «ቦታዋን ልወስድባት ስሄድ ውሃ ያስቀዳኸኝ አንተ ነህ። መቀሷ ይሳልላት። እጇም አይንቀጥቀጥ።»

«አሜን» አለ ወሬኛው ከሁሉ ቀድሞ። «እማዬም ትቀጣለች እንዴ?»

ጭምቷ ተነስታ ሳህኖቹን አነሳች፤ ከዚያ ሱቅ ገብታ ለነገ ብዬ የተውኩትን የሚተኮስ ክምር ሁሉ ተኩሳ ጨረሰችው። ከእሷ ይህ ንግግር ነው።

አሁን እንዳትጨነቁ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ በዓመቱ ተፈትና ገባች፤ አራተኛ ወጥታ። ደግሞም ሦስት ጣቷን ትታ፣ የቁጠባ ነጥቧን እንደገና ጥላ ነው የገባችው፤ ግትር! ዓመቱን ሙሉ ከአባቷ ጎን ስትሰፋ እጇ ፈጥኖ ስለነበር፣ ያጣችውን በሰዓቱና በስፌቱ አካካሰችው። እኔም በዚያ ዓመት በሩ ላይ ቆሜ አንድ ጣት ብዬ አልለመንኳትም። ሆኖም መናገር የፈለግኩት ውጤቱን አይደለም። መናገር የፈለግኩት ከዚያ ሁለተኛ ፈተና የተመለሰችበትን ሰዓት ነው።

የአንድ ሙሽራ ነጭ ሸሚዝ እየተኮስኩ ነበር። ባሌ የሰፋው ነው፤ በማግስቱ ይወሰዳል። ጭምቷ ገባችና መጋረጃውን ይዛ ቆመች።

«እንዴት ነበር?» አልኳት።

«እማዬ፣ መርፌው አዲስ ነበር።»

«የምን መርፌ?»

«የቁልፍ ቀዳዳው ማሽን። ተራዬ ደርሶ ስሄድ ብናኙ ተጠርጎ፣ ክሩ ተሞልቶ፣ አዲስ መርፌ ተገጥሞለታል። ለእኔ ብቻ አይደለም፤ ከአንድ ቁጥር ጀምሮ እስከ መጨረሻው ለሁሉም። ማሽኑን የምትጠብቅ ተማሪ ነበረች። አንዱ በተነሳ ቁጥር ትነቅላለች፣ ትጠርጋለች፣ ትገጥማለች። መርፌውን የምታወጣው ከራሷ ሣጥን ነው።»

ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ከአፏ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ካውያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። «ማን ናት ተማሪዋ?»

«አሥራ ሁለት ቁጥር» አለች። ዓይኗ እንባ ሞልቷል፤ ከንፈሯ ግን ይስቃል። «ዋና ፈታኟ መጥተው፣ ማን አዘዘሽ፣ ለምን ትደክሚያለሽ አሏት። ለቀጣዩ ነው አለቻቸው።»

የልጄን ፊት አየሁ። ነጥቡን፣ ሰባተኛ መውጣቷን፣ በዚያ ዓመት ያለቀስኩትን ሁሉ ረሳሁ። ይህች የእኔ ልጅ ናት አልኩ በልቤ፤ ከዚህ አካል የወጣች፣ በዚህ ቤት ጆግ ውሃ የጠጣች የእኔ ልጅ። ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። እንዲህ ቆሜ ስኮራ ነው ወሬኛው ከኋላዬ የጮኸው።

«እማዬ! ሸሚዙ!»

ካውያውን ሳነሳው አፍንጫው ኮሌታው ላይ ታትሟል፤ ቡናማ፣ ጥርት ያለ። ሃያ ሁለት ዓመት! ደግሞ የሙሽራ! ጭንቅላቴን ይዤ ጮህኩ። ባሌ መጣ። ሸሚዙን ከእጄ ወስዶ ኮሌታውን በጣቱ ለካው፤ ከዚያ ገልብጦ የታችኛውን እጥፋት ዳበሰ።

«አይዞሽ» አለኝ። «አራት ጣት አለው። ኮሌታ ይወጣዋል።»

ስንት ዓመት የተጣላሁበትን ጨርቅ አየሁት። ለማነው ይሄ ሁሉ ጨርቅ ስል ኖሬያለሁ፤ ለካ ለእኔ ኖሯል። ባሌ ይህን ሊለኝ ይችል ነበር፤ ዓይኑ ላይ አየሁት፤ ግን አላለም። ምላጭ አነሳሁና እጥፋቱን እኔው ፈታሁት። እሱ ቆረጠ፣ ጭምቷ ሰፋች፣ እኔ ተኮስኩ፤ ወሬኛው ደግሞ ለማንም እንዳይናገር አስማልነው፤ በዚህ ጊዜ እናቱም ሰው መሆኗን አስረግጠን።

ሙሽራው በማግስቱ መጥቶ ለብሶት፣ በመስታወቱ ፊት ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ አመስግኖ ሄደ። ከታች የቀረው አንድ ጣት ብቻ ነው። ግድ የለም፤ ከሠርጉ በኋላ ቢወፍር በጎኑ ሦስት ጣት አለው።